የጠፈር ውጊያ ላይ የሚመራ ሚሳኤል ያዋጣል ወይስ ሌዘር ይበላዋል?

ብዕረ_ጠፈር፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአማርኛ የሳይንስ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ነው የሚካሄደው። ሁለት የጠፈር መርከቦች በ50,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ይፋጠጣሉ፣ አንዷ ሚሳኤል ትተኩሳለች። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ "በዚያ ዘመን ሌዘር እያለ ማን ሚሳኤል ይተኩሳል?" አሉኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ፊልም ላይ የምናየው የጠፈር ሚሳኤል ጭስ እየጎተተ ያሳድዳል፣ እንደ ተዋጊ አውሮፕላን ይታጠፋል፣ አብራሪውም በመጨረሻዋ ሰከንድ ዘወር ብሎ ያመልጣል። ይሄ ሁሉ ከአየር ላይ ውጊያ የተቀዳ ነው። ጠፈር ላይ አየር የለም፣ ክንፍ የሚደገፍበት ነገር የለም። እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ነገር ነው። ሚሳኤሉ በምን ይታጠፋል? እስከ ምን ድረስ ያሳድዳል? ሲደርስስ ምን ያደርጋል? ፊዚክስ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ አብሮኝ እንዲፈራ ነው የምፈልገው። የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሮኬት_ቤት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የጠፈር ሚሳኤል ሰው የሌለባት፣ መመለስ የማይጠበቅባት ትንሽ መርከብ ናት። ስለዚህ "ምን ያህል ይፈጥናል?" ብለህ ብቻ አትጠይቅ። "ዒላማው ጋ ሲቃረብ ስንት ነዳጅ ቀርቶታል?" ብለህ ጠይቅ። ጉዳዩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

አየር ላይ ያለ ሚሳኤል ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በክንፉ አየሩን እየገፋ ይታጠፋል። ጠፈር ላይ ግን እያንዳንዷ መታጠፍ የምትከፈለው ከነዳጅ ታንኩ ነው። በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ውሃውን እንደሚቆጥር ሚሳኤሉም ነዳጁን ይቆጥራል። መሐንዲሶች ይህን ፍጥነትን የመቀየር አቅም ዴልታ-ቪ ይሉታል። ሂሳቡን ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 አሳትሞታል፤ ዛሬም የሚሠራው ያው ነው።

ቁጥር ላስቀምጥልህ። ጠጣር ነዳጅ ያለው ሞተር ጋዙን በሰከንድ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚተፋው። ሚሳኤልህ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ከፈለግክ፣ ከ100 ኪሎው 86ቱ ነዳጅ መሆን አለበት። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ካልክ ደግሞ ከ100 ኪሎው የሚተርፍህ 2 ኪሎ አይሞላም። በዚያች ላይ ካሜራውን፣ ኮምፒውተሩን፣ የታንኩን ቆዳ ሁሉ መጫን አለብህ።

አሁን ወደ አንተ 50,000 ኪሎ ሜትር እንምጣ። በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚሳኤል ለመድረስ 10,000 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ማለት ነው። ዒላማዋ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። ሞተሯ ደካማ ነው እንበል፣ የሚሰጣት ግፊት ከምድር ስበት 1 በመቶ ብቻ ነው። ያችኑ ትንሽ ግፊት ይዛ ያለማቋረጥ ወደ ጎን ብትሄድ ሚሳኤሉ ሲደርስ ከጠበቃት ቦታ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ በዚህ ርቀት መድፍም ጥይትም ዋጋ የለውም። የሚመራ ነገር ግዴታ ነው።

ሳባ_ፊዚክስ፦

እኔ ከጓደኞችህ ጎን ነኝ። ብርሃን 50,000 ኪሎ ሜትሩን በ0.17 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሚሳኤሉ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚደርሰው። ያን ሁሉ ጊዜ መደበቂያ በሌለበት ሜዳ ላይ እየታየ ይመጣል።

ግን ሌዘሩንም በልኩ ጻፈው። ጨረሩ በፊልም እንደምታየው ቀጭን መስመር ሆኖ አይዘልቅም። ብርሃን ከመስታወት ሲወጣ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ተፈጥሮው ነው፣ ማንም መሐንዲስ አያስቀረውም። 4 ሜትር ስፋት ባለው መስታወት የሞገድ ርዝመቱ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነ ጨረር ብትልክ፣ 50,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 30 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። የሌዘሩን ጉልበት 100 ሜጋ ዋት እናድርገው። እዚያ ክብ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ምድር ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ብርሃን 100 እጥፍ ገደማ ነው። ብረት አይቆርጥም። የሚሳኤሉን ዓይን ግን ሊያጠፋው ይችላል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሚሳኤሉ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲቀርብ ክቡ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። ያኔ በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሜጋ ዋት በላይ ያርፍበታል። ያ ብረትን ያተናል። ስለዚህ የሌዘር ትክክለኛው የመግደያ ክልል የመጨረሻው 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት የሚሠራው ሥራ ማሳወርና ማስቸገር ነው።

ተማሪ_ነኝ፦

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ሚሳኤል መርከብን በትክክል መምታት ይችላል? በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር እየሄዱ መገናኘት የማይቻል ነው የሚመስለኝ።

ሮኬት_ቤት፦

ይቻላል፤ ተደርጓልም። የናሳው ዳርት መንኮራኩር መስከረም 26 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ዲሞርፎስ የምትባለውን አስትሮይድ መትቷል። ዲሞርፎስ 160 ሜትር ያህል ስፋት ነው ያላት። ዳርት ሲመታት በሰከንድ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድ ነበር። ቦታው ከምድር 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ምልክት ከዚያ ምድር ለመድረስ 38 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ መዘግየት ከምድር ሆኖ መሪ መያዝ ስለማይቻል፣ የመጨረሻዎቹን 4 ሰዓታት ራሱ በካሜራው እያየ ነው የተመራው። ዲሞርፎስን አጠገቧ ካለችው ትልቅ አስትሮይድ ለይቶ ያያት አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሐምሌ 4 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ዲፕ ኢምፓክት የተባለው የናሳ መንኮራኩር የለቀቀው መቺ አካል ቴምፕል 1 የተባለችውን ጅራታም ኮከብ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መትቷል።

ለደራሲያችን ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ። ተኳሿ መርከብ ሚሳኤሉን እስከ መጨረሻው ልትመራው አትችልም። ከለቀቀችው በኋላ ውሳኔው የሚሳኤሉ ነው። አስትሮይድ አይሸሽም፣ አያታልልም፣ አይተኩስም። የአንተ ዒላማ ሦስቱንም ታደርጋለች። ልብ ሰቃዩ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ምዕራፍህን እዚህ ላይ ብታሳርፈው ደስ ይለኛል።

አሽዶድ_ነኝ፦

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ለምንኖር ሰዎች ይህ ነገር ልብወለድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2023 ከየመን የተተኮሰ ባሊስቲክ ሚሳኤል በአሮው ፀረ-ሚሳኤል ተመቶ ወድቋል። የእስራኤል ባለሥልጣናት እንዳሉት የተመታው ከከባቢ አየር ውጪ ነው። ብዙዎች በውጊያ ታሪክ የመጀመሪያው የጠፈር ግጭት ብለው የጻፉት ለዚህ ነው። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ባህር ኃይል ኤስ-ኤም 3 የተባለውን ሚሳኤል ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ላይ ተጠቅሞበታል።

አሮው 3ም ኤስ-ኤም 3ም ፈንጂ ይዘው አይደለም የሚመቱት። ጫፋቸው ላይ ያለው አካል ካሜራና ትናንሽ መግፊያ ሞተሮች አሉት፤ ዒላማውን በሙቀቱ እያየ በቀጥታ ሄዶ ይላተመዋል። አንተ የምትፈልገው ሚሳኤል የመጨረሻ ደረጃ ይሄው ነው።

የሚሳኤል መከላከያ ሰዎች አጥብቀው የሚፈሩት ግን ማታለያን ነው። ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ ቀላል ፊኛና ከባድ የጦር አረር እኩል ነው የሚሄዱት፣ ፊኛው ወደ ኋላ አይቀርም። አንዱ ሚሳኤል አሥር ፊኛ ቢለቅ ከርቀት አሥራ አንድ ሚሳኤል ይመስላል። ሳባ፣ ሌዘርሽ የትኛውን ነው የሚተኩሰው?

ሳባ_ፊዚክስ፦

ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ፊኛው ሞተር የለውም። ዒላማዋ መርከብ አቅጣጫዋን በቀየረች ቁጥር እውነተኛው ሚሳኤል ሞተሩን አስነስቶ መከተል አለበት፣ ያኔ ራሱን ያጋልጣል። ፊኛው ቀጥ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ መሸሽ ለማምለጥ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ከሐሰቱ መለያም ነው። ከፈለግሽ ሌዘሩን በትንሹ ማሳረፍም ትችያለሽ፤ ስስ ፊኛ ሲነካ ወዲያው ይሞቃል፣ ይገፋል፣ ከባዱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሮኬት_ቤት፦

ሳባ ያለችው ትክክል ነው፣ ግን መሸሽም ዋጋ አለው። ቅድም ያልኩት ሽሽት ለመርከቧ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ዴልታ-ቪ ያስወጣታል። መርከቧ 1,000 ቶን ከሆነችና ሞተሯ ጋዙን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር የሚተፋ ጎበዝ ሞተር ከሆነ፣ ለዚህ 33 ቶን ያህል ነዳጅ ታቃጥላለች። 500 ኪሎ የሚመዝነው ሚሳኤል እሷን ለመከተል የሚያቃጥለው 165 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱን እዩት! ሚሳኤሉ ባይመታ እንኳ 33 ቶን አስደፍቷል። ቀበቶው ውስጥ ነዳጅ ማደያ የለም። ከጥቂት እንዲህ ዓይነት ሽሽት በኋላ መርከቧ ሳትመታ ወደ ቤቷ መመለስ የማትችል ትሆናለች። በእኔ እይታ የሚሳኤል ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ልብወለድ ላይ ግን ብዙም ሲነሳ አላየሁም።

ብዕረ_ጠፈር፦

ይሄ የነዳጅ ነገር በጣም ገባኝ። ካፒቴኗ ከሞት ብታመልጥም ወደ ቤት መመለሻዋን እያቃጠለች ነው ማለት ነው። አሁን ስለ ፍንዳታው ንገሩኝ። ረቂቄ ላይ ሚሳኤሉ አጠገቧ ፈንድቶ መርከቧን ያንገጫግጫታል።

ሳባ_ፊዚክስ፦

ማንገጫገጩን አውጣው። የሚያንገጫግጨው የአየር ግፊት ነው፣ እዚያ ደግሞ አየር የለም። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 1 ኪሎ ብረት በውስጡ የያዘው ጉልበት ቲኤንቲ ከሚባለው ፈንጂ 1 ኪሎ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሚሳኤሉ ራሱ ቦምብ ነው። ፈንጂ የሚያስፈልገው ከመድረሱ በፊት ራሱን በታትኖ እንደ በረዶ ሰፊ ቦታ እንዲሸፍን ብቻ ነው።

ኒውክሌር ካልክ ሌላ ታሪክ ነው። ጠፈር ላይ ጉልበቱ የሚወጣው በአብዛኛው በኤክስሬይ ነው። የ1 ሜጋ ቶን ቦምብ (የ1 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ጉልበት ያለው) ከአንተ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢፈነዳ በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሜጋ ጁል በላይ ይደርስሃል፤ የመርከቧ ቆዳ በቅጽበት ይተናል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ቢፈነዳ ግን በካሬ ሜትር 33 ኪሎ ጁል ነው፣ የፀሐይ 25 ሰከንድ ሙቀት በአንድ ብልጭታ እንደ ማለት። መርከቧን አያጠፋም፣ ስስ መሣሪያዎችን ግን ይጎዳል። አሜሪካ ሐምሌ 9 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ስታርፊሽ ፕራይም ብላ 1.4 ሜጋ ቶን ቦምብ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፈንድታ ነበር። ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሃዋይ ላይ የመንገድ መብራት ጠፍቷል፣ ሳተላይቶችም ተጎድተዋል። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ኒውክሌር መሣሪያ ምህዋር ላይ ማስቀመጥን ይከለክላል። በታሪክህ ዘመን ይህ ስምምነት ይከበር አይከበር አንተ ነህ የምትወስነው፣ ግን አንባቢህ እንዲያውቀው አድርግ።

አሽዶድ_ነኝ፦

ስለ ስብርባሪም አትርሱ። ቻይና በጥር 2007 እ.ኤ.አ. የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳኤል መትታ ከምድር ሊታዩ የሚችሉ ከ3,000 በላይ ስብርባሪዎች ምህዋር ላይ ቀርተዋል። ሩሲያም በኅዳር 2021 ያንኑ አድርጋ ከ1,500 በላይ ተቆጥረዋል። ታሪኩ ቀበቶው ውስጥ ስለሆነ ቦታው ሰፊ ነው። ማርስ ምህዋር አጠገብ የሚዋጉበት ምዕራፍ ካለህ ግን አሸናፊውም ያንን ሰማይ መልሶ መጠቀም ይቸገራል።

ተማሪ_ነኝ፦

ሚሳኤሉ ሞተሩን አጥፍቶ በጨለማ ቢመጣስ? ተደብቆ?

ሮኬት_ቤት፦

በከፊል ይቻላል። ሞተር ሲነድ መደበቅ አይታሰብም። ዲ-ኤስ-ፒ የሚባሉት የአሜሪካ የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ ሳተላይቶች በ1991ዱ (እ.ኤ.አ.) የባህረ ሰላጤ ጦርነት የኢራቅ ስከድ ሚሳኤሎች ሲተኮሱ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ነበልባላቸውን ያዩ ነበር፤ ያውም የምድር ሙቀት ከኋላ እያለ። ባዶና ቀዝቃዛ ጠፈር ላይ ከዚያ የበለጠ ይታያል።

ሰው ያለባት መርከብ ደግሞ ሁሌም ትታያለች፤ ሰዎቹ እንዳይበርዳቸው መሞቅ አለባት፣ ሙቀቷን ደግሞ ማውጣት አለባት። ሚሳኤል ግን ሰው የለበትም። ሞተሩን ሳያስነሳ፣ በተጨመቀ ጋዝ ቀስ ተብሎ ከተለቀቀና እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ከተንሳፈፈ፣ ለማየት በጣም ያስቸግራል። ግን ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ እንደ ፈንጂ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚዘራ እንጂ የሚያሳድድ አይሆንም።

ብዕረ_ጠፈር፦

እሺ፣ ወደ ዋናው ልግባ። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ምን ይመስላሉ? ካፒቴኗ ምን ታደርጋለች?

ሮኬት_ቤት፦

በመጨረሻዋ ሰከንድ መዞር የሚባለውን ሙሉ በሙሉ እርሳው። በዚያች 1 በመቶ ግፊት መርከቧ በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች የምትንቀሳቀሰው 5 ሜትር ነው። መርከቧ 100 ሜትር ርዝመት ካላት 5 ሜትር ምንም አይደለም። በመጨረሻው አንድ ደቂቃ እንኳ 180 ሜትር ብቻ ነው። የሽሽቱ ውሳኔ የሚወሰነው ከሰዓታት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተኩስ ነው።

የሳባ 1,000 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ሚሳኤሉ የሚቆየው 200 ሰከንድ ነው። ማነጣጠሩንና መሞቱን ማረጋገጡን ጨምሮ ለአንድ ሚሳኤል 4 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ሌዘር 50 ሚሳኤል ይገድላል። 51ኛው ይደርሳል። ደግሞ የተገደለ ሚሳኤል አይጠፋም፣ ስብርባሪው በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ክልሉ መግቢያ ላይ ከተመታ መርከቧ በ200 ሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ዘወር ብላ ስብርባሪውን ታሳልፈዋለች። 10 ሰከንድ ሲቀረው ከተመታ ግን ስብርባሪው ያገኛታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ጥንቃቄ አድርግ።

ሳባ_ፊዚክስ፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሌዘሩ የሚጎዳ ቢሆንም። ሌዘሩ 30 በመቶ ውጤታማ ከሆነ፣ 100 ሜጋ ዋት ለመተኮስ ከ230 ሜጋ ዋት በላይ ሙቀት መርከቧ ውስጥ ይቀራል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ዋና ራዲያተሮች (ሙቀትን ወደ ጠፈር የሚያወጡ ሰፋፊ ሰሌዳዎች) የሚያወጡት 70 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የአንተ መርከብ በ1,000 ኬልቪን (730 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) የጋሉ፣ ወደ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ራዲያተሮች ያስፈልጓታል። ስስ ናቸው፣ ቧንቧ የተሞሉ ናቸው፣ በስብርባሪ ይበሳሉ። ከተበሱ ሌዘሩ ያበቃለታል። ካፒቴኗ ጠርዛቸውን ወደ ሚሳኤሎቹ አዙራ ነው መዋጋት ያለባት።

ብዕረ_ጠፈር፦

ታዲያ ጠላት ግማሹን ሚሳኤል በሌላ አቅጣጫ ቢልክስ? ጠርዙ ለአንዱ ወገን ሲሆን ለሌላው ገጹ ይጋለጣል።

ሮኬት_ቤት፦

ይችላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሚሳኤሉ መጀመሪያ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን እየሄደ ይወጣል፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዴልታ-ቪ አውጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ወጪ የሚያገኘው 11 ዲግሪ ማዕዘን ብቻ ነው። ከ100 ኪሎው የሚተርፈውም ከ13 ወደ 6 ኪሎ ይወርዳል። ግን 11 ዲግሪ ማለት የራዲያተሩ አንድ አምስተኛ ታየ ማለት ነው፣ ወደ 400 ካሬ ሜትር። መርከቧ 100 ሜትር ብትሆን ከፊት ለፊት ከምታሳየው ገጽ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። እኔ ተኳሹን ብሆን ዙሪያውን የሚሄዱትን ከታሪኩ መጀመሪያ ጀምሮ ቀዝቅዘው እንዲንሳፈፉ አድርጌ እልካቸው ነበር፣ ዘወር የሚሉበትን ነበልባል ደግሞ በቀጥታ ከሚመጡት ሚሳኤሎች ጋር በተመሳሳይ ሰዓት አስነሳዋለሁ።

ብዕረ_ጠፈር፦

ወሰድኩት። ምዕራፉን ከሥሩ እቀይረዋለሁ። ካፒቴኗ ከፊት የሚመጡትን 40 ሚሳኤሎች እየቆጠረች፣ ነዳጇን ለሽሽት ታውለው ወይስ ለመመለሻ ታስቀረው እያለች ሳትወስን፣ ያልቆጠረቻቸው ነበልባሎች ከግራና ከቀኝ አብረው ይበራሉ። ሳባ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ራዲያተሮቹን ለማጠፍ ብትወስን ሌዘሩ ሳይቀዘቅዝ ስንት ጊዜ መተኮስ ይችላል?

ሳባ_ፊዚክስ፦

መርከቧ ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣ መጠን ይወሰናል። 100 ቶን ውሃ ካላት፣ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ድረስ 33 ጊጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይይዛል። ያ ወደ 140 ሰከንድ ተኩስ ነው። በሮኬት ቤት ሂሳብ በ4 ሰከንድ አንድ ብትመታ 35 ሚሳኤል ማለት ነው። ከፊት 40 እየመጡባት ነው ብለሃል።